ነብር ለብሰው ቬኒስ የገቡት ጋሽ ሸምሱ

የጋሽ ሸምሱን ሞት የነገረችኝ በአካል አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት። ሰሚራ ትባላለች። የምትኖረው ጣሊያን አገር ነው፤ እናቷ እትዬ ሙኒራ ደግሞ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችና፣ ጋሽ ሸምሱ ቡታጅራ አገራቸው ላይ ማረፋቸውን፣ ጠዋት መቀበራቸውን ነገረችኝ። ቀጥላም ለእናቷ በስልክ መርዶ መንገር እንደማይሆንላት፣ እኔ በአካል ሄጄ እንድነግርላት ለመነችኝ። «አደራ እህት ምሕረት» አለች፤ «ትንሽ ዕቃ ናት» ብላም ጨመረች። ይሄን ቃል ያስለመዱን እሳቸው ናቸው። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። ሰው ሞቶ ይሳቃል ወይ የሚል ካለ ጋሽ ሸምሱን አያውቃቸውም ማለት ነው።

ጋሽ ሸምሱ አከራዬ ነበሩ። እዚያው ሜይፌር ውስጥ፣ ከፊት ባለው ቤት እሳቸው፣ ከጓሮው ክፍል እኔ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ እሳቸው መሐል ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጡ ነበር። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ለዓመታት ብርድ ልብሱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከከተማው ወጣ ባሉት የድሃ ሰፈሮች፣ እኛ ሐበሾች ሎክሽን በምንላቸው ቦታዎች፣ በር እያንኳኩ ነው የሸጡት። ከዚያ ዘመን ሁለት ነገር ቀርቷቸዋል። አንዱ ወደ ግራ ዘመም ያለ ትከሻ ነው። ሌላው ያገኙትን ሁሉ በዙሉ ሰላም የማለት ልማድ ነው። እኔንም ጠዋት ጠዋት «ሳዎቦና ማማ ምሕረት፣ አደርሽ?» ነበር የሚሉኝ። ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰው ነበሩ፤ ሚስጥር ሲያወሩ እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በአደራ ዕቃ ነው። ወደ አገር ቤት የሚበር ሰው እንዳለ ከሰሙ ማንም ሳይቀድማቸው በሩ ላይ ይገኛሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ትንሽ ዕቃ ናት» ይላሉ። ከኋላቸው የያዙት ብርድ ልብስ በግራም በቀኝም ወጥቶ እየታየ ነው እንዲህ የሚሉት። እኔ አንዴ ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ለሠርጉ የገዛሁትን ጫማ ከሻንጣዬ አውጥቼ የዘመዶቻቸውን ብርድ ልብስ ይዤላቸው ሄጃለሁ። በሰው ጫማ ነው የጨፈርኩት። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም እሳቸውም በተራቸው የማንንም አደራ እምቢ ብለው አያውቁም። ለወንድማቸው ለቅሶ ሲሄዱ እንኳ የሰው ስልክና የሰው ጫማ ይዘው ሄደው፣ ሲመለሱ የሰው በርበሬ ተሸክመው ነው የመጡት።

ኮሮና መጥቶ አገሩ ሁሉ በር ዝጋ የተባለ ጊዜ ጋሽ ሸምሱ መከራቸውን አዩ። በሽታው አልነካቸውም፤ ያስቸገራቸው ቁጭ ማለት ነው። ጓሮውን ይዞሩታል። የልብስ ማስጫ ገመዴን ያጠብቁታል፣ ደግሞ ያላሉታል። እኔ ከቤት ሆኜ በኮምፒዩተር ስሰበሰብ በመስኮት ብቅ ብለው አለቆቼን «ሳዎቦና» ይላሉ። ከጊዜ በኋላ አለቆቼም ካላዩዋቸው «ባባ ዛሬ የለም እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከሳቸው ሳሎን ተቀምጠን ዜና ስናይ ቬኒስን አሳዩ። ያን ጊዜ ጣሊያን የሬሳ አገር ሆኖ ነበር፤ ከተማዋ እንግዳ አጥታ ጭር ብላለች። ጀልባው ሁሉ ስለቆመ የመንገዱ ውሃ ጠርቶ ዓሣ ይታይበታል። ጋሽ ሸምሱ ጎርፍ መስሏቸው ማዘን ጀምረው ነበር። ጎርፍ አይደለም፣ መንገዳቸው ውሃ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ በጀልባ ነው የሚሄዱት አልኳቸው። አላመኑኝም። ሁለተኛ ሲያሳዩት ከወንበራቸው ተነስተው ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጢጥ አሉና ዜናው ወደ ሌላ እስኪያልፍ ከዚያ አልተነሱም። ከዚያ «እዚህ ቦታ እሄዳለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ከጣሊያን እየሸሸ በነበረበት ሰሞን ነው ይሄን ያሉት።

ባለቤታቸው እትዬ ራቢያ የሚኖሩት ቡታጅራ ነው። እዚያው ሳሎን ሳለን ጋሽ ሸምሱ ደወሉላቸውና፣ በሽታው ሲያልፍ አብረን ሄደን ውሃ ከተማ እንይ አሏቸው። የእትዬ ራቢያ መልስ በስፒከር ለእኔም ተሰማኝ፤ «እኔ ውሃ ስቀዳ ነው ያረጀሁ። አንተው እየው» ብለው ስለ ማሳው ወሬ ቀጠሉ።

ምን አስበው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ብዙ የሚያወሩ ሰው ናቸው፣ ይሄን ግን ቀስ ብለው ነው የነገሩኝ።

«ስንት አገር እንደረገጥኩ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። አንዱንም አላየሁትም።»

ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጡት የሰፈራቸው ልጆች በመጡበት መንገድ ነው፤ ቀን ጫካ ውስጥ ተኝቶ፣ ሌሊት በጭነት መኪና ሸራ ሥር። ማላዊ ላይ በጀልባ ነው የተሻገሩት። አስተኝተዋቸው፣ ከላያቸው ሸራ ጥለውባቸው፣ ውሃውን ሳያዩ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ነው ያለፉት። አብረዋቸው ከተኙት አንዱ ሲደርሱ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ፣ ወረቀታቸውን አግኝተው ነፃ ሰው ከሆኑም በኋላ፣ ለሥራ፣ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ ካልሆነ ከቤት ወጥተው አያውቁም።

«አንድ አገር በቀን ማየት አማረኝ» አሉ። «በቲኬት ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ አይቼ፣ በመመለሻ ቲኬቴ የምመለስበት። ጉዳይ የሌለኝ። ማንንም የማልቀብርበት፣ ማንንም የማልድርበት።»

እኔ ከዚያ በፊት ሽርሽር የሚለውን ቃል እንደ ቅንጦት ነበር የማየው። ከዚያ ቀን በኋላ የሳቸው ጉዞ የእኔም ጉዳይ ሆነ።

አምስተርዳምም እንዲህ ባለ ቦይ የተሞላች አሮጌ ከተማ ናት፣ በረራውም ይቀናል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። «ሐበሻ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሞልቷል አልኳቸው። «ይቅር» አሉ። ሐበሻ ካለ አደራ አለ፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ጉዞ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዘው፣ የማንንም ዕቃ ሳይሸከሙ ለመሄድ ምለዋል። ቬኒስ ውስጥ ሐበሻ መኖሩን አልሰማሁም ስላቸው ፊታቸው በራ። «አገር ማለት እሱ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ወሩ መጣ። ጆሃንስበርግ ሰኔና ሐምሌ ሲበርድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ሱቁን ጥሎ የትም አይሄድም። ዲሴምበርም አይሆንም፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ገጠሩ ሲገባ ለእናቱ ብርድ ልብስ ይገዛል። ገበያው የሚሞተው ጃንዋሪ ብቻ ነው። ጃንዋሪ ደግሞ እዚያ ክረምት ነው፣ በጣም ይበርዳል አልኳቸው። ተሰደቡ መሰላቸው። «ብርድ እንጀራዬ ነው፣ እንዴት ነው የምፈራው?» ብለው ጥያቄዬን ዘጉት።

መግሪብ ከሰገዱ በኋላ ወደ እኔ ክፍል እየመጡ በላፕቶፔ ከተማዋን እናያለን። መስኮቱ ውሃ ላይ የሚከፈት ማደሪያ መረጥን። ቤተ መንግሥቱን፣ ድልድዮቹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ አሳየኋቸው፤ በትሕትና አዩልኝ። እሳቸው ልባቸው የተሰቀለው ሸቀጥ የጫነች ጀልባ ላይ ነበር። ሠራተኞቹ ካርቶን ከጀልባ ወደ ሱቅ ሲያወርዱ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ አለ፤ እሱን ሁልጊዜ ክፈችልኝ ይላሉ። ካርቶኑን የሚደረድሩበት መንገድ ደስ አይላቸውም። «ከባዱን ከላይ አደረጉት፣ እዪ፣ እዪ» እያሉ ይበሳጫሉ።

የቪዛ ቃለ መጠይቁንም ተለማመድን። እኔ ቆንስል ሆኜ ከጠረጴዛ ኋላ ስቀመጥ፣ እሳቸው እንደ ባለሥልጣን ፊት ካልቆምኩ ብለው ያስቸግሩኛል። የጉዞዎ ምክንያት ምንድን ነው ስላቸው፣ «ለማየት» ይላሉ። ምን ለማየት ስል፣ «ያለውን» ይላሉ። አንድ የሜይፌር ጅምላ ሻጭ ለሽርሽር ነው የምሄደው ቢል ማን ያምነዋል ብዬ፣ ለንግድ ነው ቢሉ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ያን ቀን ነው ተቆጥተው ያየኋቸው። «ለወረቀት ብዬ ያላልኩት ነገር የለም» አሉኝ። «አሁን እንኳ እውነቱን ልናገርበት።» ከዚያ በኋላ ንግድ የሚል ቃል አላነሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ጀልባ። መንቀሳቀስ ሲፈቀድ፣ እስቲ እንለማመድ ብዬ ዙ ሌክ ወሰድኳቸው። ዙ ሌክ የጆሃንስበርግ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚዝናናባት፣ ዳክዬ የሞላባት ሐይቅ ናት፤ በመቅዘፊያ የሚነዱ ትንንሽ ጀልባዎች ይከራዩባታል። ጋሽ ሸምሱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ማስካቸውን አድርገው መጡ። አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ውስጥ አደረጉ። ጀልባዋ ትንሽ ወዝወዝ አለች። እጄን ጨብጠው የያዙበት አያያዝ እስካሁን አይረሳኝም። እግራቸውን መለሱና «ዛሬ ነፋስ አለ» አሉ። አንድ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ሣሩ ላይ ተቀምጠን የድንች ጥብስ በላን። እሳቸው ዳክዬዎቹን ያያሉ፤ እኔም አፈርኩላቸው፣ አዘንኩላቸውም። በመጨረሻ፣ ቬኒስ እኮ ድልድይ ሞልቷታል፣ ጀልባ ሳይገቡም ትታያለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳር ቆሜ ካየሁማ ያው ቴሌቪዥን ነው» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኚህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚሄዱት ጀልባ ላይ ቁጭ ለማለት ነው። ካልገቡ ሄዱም አልሄዱም አንድ ነው።

የመጀመሪያው ጃንዋሪ ሲደርስ በሽታው በሁለተኛ ዙር ተመልሶ መጣ። በረራ ቀረ። በሜይፌር ከየቤቱ ሬሳ ወጣ፤ ቀብር መሄድ እንኳ በተራ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ በዚያ ሰሞን የቬኒስን ስም አላነሱም፣ እኔም ላፕቶፔን ለዚያ ጉዳይ አልከፈትኩም። በሁለተኛው ዓመት ቲኬት ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር አልቆ፣ አዲሱ ዓይነት ቫይረስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘ ተባለና አውሮፓ ሁሉ በሩን በላያችን ላይ ጠረቀመው። ዜናውን አብረን ነው የሰማነው። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው «በሩ ሁልጊዜ የሚዘጋው እኔ ስደርስ ነው» ብለው ሳቁና እኔን ማጽናናት ያዙ። «አይዞሽ፣ ውሃው የትም አይሄድም።» ይሄንንም ቃል እስካሁን እጠቀምበታለሁ፤ አውቶብስ ሲያመልጠኝ ጭምር።

በሦስተኛው ዓመት መንገዱ ተከፈተ፣ ቪዛውም መጣ። ለማንም አንናገር ተባብለን ነበር። ጋሽ ሸምሱ ለማንም አልተናገሩም፤ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው ሹክ አሉት። የሳቸው ሹክታ ምን ያህል እንደሚሰማ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። በማግስቱ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በራችን ላይ ይቆማል፣ ሁሉም «ትንሽ ዕቃ ናት ጋሼ» ይላል። በርበሬ ለሚላን፣ የሕፃን ልብስ ለሮም። አንዱ ሰውዬ ጀርመን ላለ ወንድሙ በሶ ይዞ መጣ። ጀርመን ሌላ አገር ነው ሲሉት፣ ባቡር አለ አሉ እኮ ብሎ ተከራከራቸው።

ሁሉንም እምቢ አሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር፤ የዘሩትን ነው የሚያጭዱት። እሳቸውን ግን ጎዳቸው። ማታ መጥተው ወንበሬ ላይ ይቀመጡና «ዛሬም ሰው አስቀየምኩ» ይላሉ። ቢሆንም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ይህች አንዲት ጉዞ የራሳቸው ብቻ እንድትሆን ነበር የሚፈልጉት።

ከዚያ እትዬ ሙኒራ መጡ። ጋሽ ሸምሱ ምሳቸውን ከዓመት ዓመት የሚበሉት ከሳቸው ዘንድ ነው። የፊት እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያይ ትልቅ ነብር የተሣለበት፣ ከሁሉም የሚወፍረውን ብርድ ልብስ ታቅፈው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ወደ ኋላ አላደረጉም።

«ትልቅ ዕቃ ናት ጋሼ» አሉ። «እምቢ ይበሉኝና ልሂድ።»

የዕቃው ባለቤት ልጃቸው ሰሚራ ነበረች። እትዬ ሙኒራ ወደዚህ ሲሰደዱ ትንሽ ልጅ ሆና ነው ከአያቷ ጋር የቀረችው። አድጋ በተራዋ ስትሰደድ በሌላኛው አቅጣጫ ሄደች፤ በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጋ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግራ ጣሊያን ገባች። የምትኖረው ከቬኒስ ድልድዩን ተሻግሮ ባለው ከተማ ሲሆን፣ ቬኒስ ውስጥ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። እሷም ለመምጣት ወረቀት የላት፣ እናቷም ለመሄድ ወረቀት የላቸው። ሐበሻ የለበትም ያልኩት ከተማ ውስጥ ሐበሻ ተገኘ።

እትዬ ሙኒራ አላለቀሱም። ምግብ ሲያቀርቡ በሚናገሩበት ድምፅ ነው የተናገሩት። «ስደውልላት በረደኝ ትለኛለች። እናቷ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አልብሻት አላውቅም» አሉ።

ጋሽ ሸምሱ የነብሩን ፊት በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። ከእኔ ሱቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ እትዬ ሙኒራም እሳቸው በሌሉበት ሄደው ከሠራተኛቸው እንደገዙት ነገሯቸው። ጋሽ ሸምሱ ዕቃው ደህና መሆኑን ጫፉን ገልበጥ አድርገው አረጋገጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እኔ የተከራከርኳቸው ይመስል፣ «ዕቃ አልይዝም ብያለሁ፣ አልይዝም። እለብሰዋለሁ» አሉ።

እውነትም ለብሰውት ሄዱ። ድሮ ብርድ ልብስ ሲያዞሩ የሶቶ ብሔር ሰዎች እንዴት ትከሻቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደሚይዙት አይተዋል፤ እንደዚያው ያዙት። ጃንዋሪ የጆሃንስበርግ በጋ ነው፣ አስፋልቱ ይጋረፋል። ነብሩ በጀርባቸው ላይ አፍጥጦ፣ ላባቸው በማስካቸው ሥር እየወረደ ኤርፖርት ውስጥ ሲገቡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። በፍተሻው ላይ የነበረችው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ ባባ አይሞቅህም ወይ አለቻቸው። «ኩያባንዳ» አሏት በዙሉ፣ ይበርዳል ማለታቸው ነው፤ ግንባራቸውን በነብሩ መዳፍ እየጠረጉ። ፈገግ ብላ አሳለፈቻቸው።

ሲመለሱ ልቀበላቸው ሄድኩ። ቀጭን ጃኬታቸውን ብቻ ለብሰው፣ አፍንጫቸው ተልጦ፣ ደስ ብሏቸው ብቅ አሉ። መኪና ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ወሬው ተጀመረ። መንገድ ጠፍቷቸው አንድ ድልድይ ላይ ቦርሳ ዘርግቶ የሚሸጥ የሴኔጋል ሰው አግኝተው፣ ከልማድ የተነሳ ሳዎቦና ብለውታል። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፣ ብቻ ዕቃውን ከየት እንደሚያወጣ ሁሉ ነግሯቸዋል። ስለ ብርዱ ስጠይቃቸው ሽንፈታቸውን አመኑ። «ለካ እኔ ስሸጥ የኖርኩት ብርድ ልብስ ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አሉ።

ጀልባውስ አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩኝና ነገሩኝ።

በደረሱ ቀን የጀልባ መሳፈሪያው ጋ ሄደው ተመለሱ። ከሰዓት ደግሞ ሄዱ፣ ተመለሱ። ለራሳቸውም ነፋስ አለ ይሉ ነበር። በማግስቱ ሰሚራ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር እዚያው መሳፈሪያ ላይ ተቀጣጠሩ። ከሩቅ ያወቀቻቸው በነብሩ ነው። መርፌ ቁልፉን ፈተው ሲሰጧት ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብራ ቆየች። አደራቸውን አድርሰዋል፤ አሁን የቀረው የራሳቸው ጉዳይ ነው። ነይ አብረን እንሳፈር አሏት። ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። በከተማዋ ውስጥ ስትሠራ የኖረችው ጠዋት በአውቶብስ በድልድዩ ገብታ፣ ማታ በአውቶብስ ተመልሳ ነው። ከባሕሩ ወዲህ ጀልባ ረግጣ አታውቅም፣ ልትረግጥም አትፈልግም።

ጋሽ ሸምሱ ይሄን ሲሰሙ ምን እንዳደረጋቸው ሲነግሩኝ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። አንዱ ጀልባ መጣና ሄደ። ሌላው መጣና ሄደ። ሁለቱም ዳር ላይ እንደቆሙ ናቸው። ሦስተኛው ሲመጣ እንዲህ አሏት፤

«ልጄ፣ እኔም እፈራለሁ። ግን ያኛው በሌሊት ነበር። ይሄ በቀን ነው። ቁጭ ብለን ነው፣ ቲኬት ይዘን ነው፤ ደግሞ እንመለሳለን።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ማን ማንን እንደጎተተ አልተስማሙም፤ እሳቸው እሷ ናት የጎተተችኝ ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ጋሼ ናቸው የጎተቱኝ ትላለች። ፎቶውን ያነሳቸው አንድ ተሳፋሪ ነው። ሰሚራ ነብሩን እስከ አገጯ ለብሳለች። ጋሽ ሸምሱ ከጎኗ በዚያች ቀጭን ጃኬት በብርድ ተኮማትረው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቃሉ። ካሜራውን አያዩም። የሚያዩት ውሃውን ነው።

ከኤርፖርት ቤት አልገቡም፣ በቀጥታ ወደ እትዬ ሙኒራ ምግብ ቤት ውሰጂኝ አሉ። ገብተው የሁልጊዜ ቦታቸው ላይ ተቀመጡና «አልብሻታለሁ» አሏቸው። ሌላ አልጨመሩም። እትዬ ሙኒራ ፎቶውን አይተው፣ ወደ ማድ ቤት ገብተው ብዙ ቆይተው፣ በትሪ ሙሉ ምግብ ይዘው ወጡ። ያ ፎቶ ታጥቦ እስከ ዛሬ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ግድግዳው ላይ ነው። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ሽማግሌው ለምን ኮት አላደረጉም እያለ ይጠይቃል።

ጋሽ ሸምሱ ብዙም ሳይቆዩ ሱቁን ለሌላ አስረክበው አገራቸው ገቡ። ከቡታጅራ ሆነው ለሰሚራ ጁምዓ ጁምዓ ይደውሉላት ነበር፤ መሞታቸውንም ቤተሰቦቻቸው ቀድመው የነገሩት ለሷ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ስለሳቸው ሳስብ ማዘን እጀምርና ኤርፖርቱ ይመጣብኛል፣ የነብሩ ጀርባ፣ ላቡ። ያን ጊዜ ሐዘኑ አይዘልቅልኝም። ምናልባት እንደዚያ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ እንጃ። እኔ ብቻ በጣም ነው የምወዳቸው።

ያን ቀን ስልኩን ልንዘጋ ስንል ሰሚራ አንድ ነገር ነገረችኝ። መርዶውን ስትሰማ ሥራ ላይ ነበረች። አስፈቅዳ ወጣች፣ ብርድ ልብሱን ከቤቷ አምጥታ ለበሰችና ወደዚያው መሳፈሪያ ሄደች። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ጀልባ ገብታ አታውቅም፤ ብቻዋን ደግሞ ጭራሽ። አልፈራሽም ወይ አልኳት።

«ፈራሁ እንጂ» አለች። «ነፋስ ነበር። ግን ቀን ነው ብዬ ገባሁ።»